የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ

የጽዋ ማኅበር የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በወር አንድ ቀን በአንድ ቅዱስ ስም የሚሰበሰቡበት የጸሎትና የመረዳጃ ጉባኤ ነው። መሠረቱ ወርኃዊ በዓላት ናቸው፦ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የእመቤታችን 33 በዓላት እንዲከበሩ በማዘዙ፣ እነዚህ በዓላት በሕዝቡ ኑሮ ሥር እንዲሰዱ ብዙ ረድቷል።

ማኅበሩ በየአባላቱ ቤት በተራ ይዘከራል። ተረኛው ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ደፍቶ ይጠብቃል፤ ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፣ ያስተምራል። ሰብሳቢው «ሙሴ» ይባላል። ተጣልተው ሳይታረቁ ጽዋውን መቅመስ ነውር በመሆኑ ማኅበሩ የሽምግልና ሸንጎም ነው፤ ምናልባት ትልቁ አገልግሎቱ ይኸው ሳይሆን አይቀርም። የታመመ ይጠየቃል፣ ያዘነ ይጽናናል። በመጨረሻ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፤ እሱም በመዝሙርና በእልልታ ታጅቦ ይቀበላል።

ሰንበቴ የሚባለው ማዕድ ግን የሚበላው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ ነው። ከማዕዱ ነዳያንም ይካፈላሉ።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመረዳጃ ተቋሙ እድር በከተሞች ሲስፋፋ፣ ማኅበሩ ይረዳበት የነበረው የቀብር ወጪ በአመዛኙ ወደዚያ ዞረ። ወጣቱም በሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በማኅበረ ቅዱሳን መሰባሰብ ያዘ። ጽዋው ግን አልተተወም። አሜሪካ ባሉ ምእመናን ዘንድ የወሩ ቀን በሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ወደ ቅዳሜ ወይም እሑድ ይዛወራል።