የቱርክ ፋኖስ
የክራይሚያ ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. 1853–1856

ሠዓሊዎች እንግሊዛዊቷን ነርስ ፍሎረንስ ናይቲንጌልን ብዙውን ጊዜ የሚያስይዟት የጥንት ግሪኮችን የዘይት ኩራዝ ነው። ተሳስተዋል። በስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ሌሊት የሚያዘው እንዲህ ያለው፣ እንደ አኮርዲዮን የሚታጠፍና የሚዘረጋ፣ ውስጡ ሻማ የሚበራበት የቱርክ ፋኖስ ነበር። ዐረቦችም ፋኑስ ይሉታል፤ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ናይቲንጌል 38 ሴቶች አስከትላ ከኢስታንቡል ማዶ ወዳለችው ስኩታሪ የደረሰችው በኖቬምበር 1854 ነው። ሆስፒታል የተባለው የጦር ሰፈር የፍሳሽ ቦዩ ተደፍኖ ይገማ ነበር። ወታደሩን ከጥይት ይልቅ ተቅማጥ፣ ኮሌራና ታይፈስ ፈጁት። በፌብሩዋሪ 1855 ከ100 ታካሚ 42 ያህሉ ሞተ፤ ይህ እንግዲህ እሷ ከገባች ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሞቱ ጋብ ያለው በማርች ከለንደን የተላኩ የጤና አጠባበቅ ባለሙያዎች ቦዩን አስጠርገው ለክፍሎቹ አየር ካስገኙ ወዲህ ነው።

ናይቲንጌል ይህን አልደበቀችም። አገሯ ተመልሳ በ1858 የእያንዳንዱን ወር ሟቾች በባለቀለም ክብ ሥዕል አሳተመች፦ ቀዩ ቁስል፣ ጥቁሩ ሌላ ምክንያት፣ ሰማያዊው መከላከል የሚቻል በሽታ። ሰማያዊው ገጹን ሞልቶታል፤ ቀዩን ለማየት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።