ከአንድ ሽቦ ወደ ሁለት

የመኪና ቴፕ ልገጥም ዳሽቦርድ ሥር ስጎነበስ መጀመሪያ የማየው ወደ እስፒከሩ የሚሄደውን ሽቦ ነው። አንድ ነው ወይስ ሁለት? የመኪናውን ዘመን ከሊብሬው ይልቅ እሱ ይነግረኛል።

አዳማ የጅቡቲ ባቡር ጣቢያ ሆና ነው የተነሣችው። የኛን ሙያ ያሳደገው ግን የመኪናው መንገድ ነው። በ1970ዎቹ፣ ገና ልጅ ሆኜ ለማጅ ስገባ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ የሚወርዱ ሰዎች ጋራዣችን ደጃፍ ይቆሙ ነበር። ቮልስ፣ ፊያት፣ ፔጆ 404። አብዛኛው ከዳሽቦርዱ ሥር አንዲት እስፒከር ብቻ ነበረችው። ያስተማሩኝ ጋሼ ከቴፑ ወደ እስፒከሩ አንድ ሽቦ ይስቡና የእስፒከሩን ሌላ ጫፍ ቦዲው ላይ ማሳ ያስይዙታል። ቀለሙን በቢላ ፍቀው፣ ብረቱ ሲያበራ ብሎኑን ያጠብቃሉ። በደንብ ካልፋቅከው ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ያን ብረት መፋቅ ዛሬም እወደዋለሁ።

ያገለገሉ ቶዮታዎች ሲበዙ ይህ እውቀት ከዳኝ። አንድ የአሰላ መስመር ሾፌር አዲስ ቴፕ ይዞ መጣ፤ እኔም እንደለመድኩት የእስፒከሩን ኔጌቲቭ ማሳ አስያዝኩት። ቴፑ ጥቂት ዘፈነና ዝም አለ፤ የተቃጠለ ሽታ ወጣ። ከደመወዜ ከፈልኩ። ሰውየው ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቼ ነው። በድሮው አሠራር ከ12 ቮልት ባትሪ በ4 ኦም እስፒከር 4 ዋት ገደማ ቢገኝ ነው። አዲሶቹ ቴፖች እስፒከሩን ከሁለቱም ጫፍ ይገፉታል፤ አንዱ ሲጭን ሌላው ይስባል፣ ኃይሉም በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ሙዚቃ ባይኖርም በሁለቱም ሽቦ ላይ 6 ቮልት ያህል ይቆማል። አንዱ ቦዲ ከነካ የቴፑ አይሲ ይነዳል።

የሚኒባስ ሾፌሮች ደግሞ እስፒከር ጨምርልኝ ይላሉ። በአንድ መስመር ላይ ሁለት ባለ 4 ኦም ጎን ለጎን ከታሰሩ 2 ኦም ይሆናሉ፣ ቴፑ ይግላል። እንቢ ብዬ ደንበኛ የመለስኩበት ቀን አለ፤ አይቆጨኝም። የበሩን እስፒከር ስቀይር ደግሞ ፋብሪካው የሠራውን ሶኬት አልቆርጥም። ፖዘቲቩን ለመለየት 1.5 ቮልት ድንጋይ አስነካዋለሁ፤ ወረቀቱ ወደ ውጭ ከወጣ ልክ ነው። የአንዱ በር ከተገለበጠ ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል፤ ባለቤቱም እስፒከሩን ይረግማል። በዝዋይና በመቂ አቧራና ፀሐይ የከረመ እስፒከር ደግሞ ጠርዙ በጣት ሲነኩት ይረግፋል፤ ለሱ መቀየር እንጂ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ከጃፓን የመጡት ራዲዮዎች ሌላ ጣጣ አላቸው። እዚያ ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ነበር፤ 97.1ም ሆነ 102.1 አይገባላቸውም። አንቴናው ላይ ሞገዱን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ ሳጥን እንጨምራለን።

ባለፈው ክረምት አንድ ፔጆ 404 መጣልኝ። ያመጣው ልጅ በአባቱ መኪና ላይ ፍላሽ የሚያጫውት ቴፕ ማስገጠም ፈለገ። አንዷ ሽቦ አለች፤ የማሳው ብሎን በፀዳ ብረት ላይ ጠብቆ ተቀምጧል። አጠገቧ ሁለት አዲስ ሽቦ ሳብኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ። የድሮዋን አልነቀልኳትም።