የተማሪ ፍቅር ለምን ዘግይቶ ደረሰ?

የጃፓን አኒሜ አዲስ አበባ የገባው በአንድ ጊዜ አይደለም። ኳሱና ድብድቡ ቀድሞ መጣ፤ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ፍቅር እያሳቀ የሚተርከው ዘውግ ግን ብዙ ቆይቶ ነው የደረሰው። በአገሩ አዲስ ሆኖ አይደለም፤ ከሩሚኮ ታካሃሺ ሥራ የተወሰደው «ኡሩሴይ ያትሱራ» በጃፓን ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ዛሬ ዓለም ባንክ በሚባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ያለ ተማሪ በስልኩ የሚያየው ይህ ዓይነት ታሪክ ለምን ይህን ያህል እንደዘገየ ሲጠየቅ «ኢንተርኔት ስላልነበረ ነው» የሚለው መልስ ይቀድማል። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ሰው ፊልም የሚያይበት ቦታ ነው እላለሁ። ቦታው እስኪለወጥ ድረስ ዘውጉ ቢመጣም እንኳ ተመልካች አያገኝም ነበር።

ዓለም ባንክ ስሙን ያገኘው በደርግ ዘመን ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር ከተካሄደው የመኖሪያ ቤት ፕሮጀክት ነው። ትንንሽ ግቢዎችና ጓሮ ውስጥ የሚከራዩ ሰርቪስ ቤቶች በበዙበት እንዲህ ባለ ሰፈር፣ ቴሌቪዥን የሁሉም ቤት ዕቃ ባልነበረበት ጊዜ፣ ሲኒማው ቪዲዮ ቤት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ በከተማው የተስፋፋው ቪዲዮ ቤት ብዙ ነገር አይጠይቅም፦ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ ከጣውላ የተመታ አግዳሚ፣ መስኮቱ በካርቶን የተሸፈነ ክፍል፣ በር ላይ ደግሞ የዕለቱ ፊልም በጠመኔ የተጻፈበት ሰሌዳ። ሳንቲሙን ከፍሎ የሚገባው በአብዛኛው ወንድ ልጅ ነው። የሚመርጠውም እንግሊዝኛ ሳያውቅ የሚገባውን ነው፤ ካራቴ፣ ጦርነት፣ የህንድ ፊልም። አክተሩ ሲመታ ቤቱ በሙሉ ይጮኻል፣ ሲደበደብ ደግሞ ቤቱ በሙሉ ይቆጫል። የህንድ ፊልም የፍቅር ፊልም አልነበረም ወይ የሚል ይኖራል። ነበር፤ ግን ፍቅሩ በዘፈን ይታወጃል፣ በባላንጣ ይፈተናል፣ በቡጢ ይፈታል። ግማሽ ቃል ተናግራ ዝም የምትል ተማሪን፣ ዝምታዋ ራሱ ቀልድ የሆነባትን ታሪክ፣ በዚያ ጫጫታ መሀል ማን ይሰማዋል? ከጓደኞቹ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የተቀመጠ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅስ ዓይን አፋር ፍቅር ሲያይ ፊቱን የት ይደብቃል?

ቀጥሎ ዲሽ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2000 የጀመረው ስፔስቱንና በ2004 የተከተለው ኤምቢሲ 3 የተባሉት የልጆች ጣቢያዎች የጃፓን ካርቱን በአረብኛ እያሰሙ ዲሽ ያለውን ሳሎን ደረሱበት። ጃፓናዊው ካፒቴን ጹባሳ «ካፒቴን ማጂድ» ተብሎ ኳሱን እየነዳ ሲሮጥ፣ አረብኛ የማይሰማ ልጅም ጨዋታውን ይከተል ነበር። ስፔስቱን ለልጆች አይሆንም ያለውን የፍቅር ትዕይንት እየቆረጠ ያሳይ ስለነበር ግን የተማሪ ፍቅር በዚህ መንገድ ሊያልፍ አልቻለም። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተው ቃና ቴሌቪዥን ደግሞ የቱርክ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ፣ ፍቅር ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያየው ነገር መሆኑን አሳየ። ይህ ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል፤ አያፈርስም። ሳሎን ውስጥ የተወደደው ፍቅር ውርስ፣ ጋብቻ፣ አማትና በቀል ያለበት፣ እናት ፈርዳ የምትናገርበት የትልልቅ ሰዎች ፍቅር ነው። ልጅ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ የክፍል ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ሊያያዙ ሲያመነቱ ማየት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የጃፓን የራሷ ታሪክ ይህንን ያጠናክራል። «ኡሩሴይ ያትሱራ» የሚታየው ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤተሰብ በሚሰበሰብበት ሰዓት ነበርና በጠፈር ፍጡራንና በግርግር የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ቶራዶራ» ግን የተላለፈው ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ለብቻው ለሚያይ ሰው ነው። ጫጫታው ቀንሶ የሰው ልብ ውስጥ ያለው ነገር ቦታ አገኘ። በቶኪዮ የሰዓት ለውጥ ያመጣውን፣ በዓለም ባንክ የዕቃ ለውጥ አመጣው።

ዕቃው ፍላሽና ሚሞሪ ነው። ፊልም የሚጭን ሱቅ ሄዶ ከኮምፒውተሩ ዝርዝር የፈለጉትን መርጦ ማስጫን፣ ከዚያ በዜንደር ወይም በሼርኢት ከስልክ ወደ ስልክ መላክ ዳታ አይጠይቅም። ስለዚህ «ኢንተርኔት ስላልነበረ» የሚለው መልስ አይበቃም፤ መረቡ በየእጁ ከመግባቱ በፊት ማየቱ የግል ሆኗል። ኢንተርኔቱ የለወጠው ሌላ ነገር ነው። ሱቁ ሲዝኑን በሙሉ ስለሚሰጥ ደካማ መጀመሪያ ይታለፋል። ቴሌግራም ላይ ግን ክፍል አንድ ለብቻው ይወርዳል፣ ፓኬጁም ይቆጠራል። የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ደቂቃዎች ፍርድ የሚሰጥባቸው ሆኑ። «ቶራዶራ» ይህንን ፈተና የሚያልፈው በብልሃት ነው። አጭሯና ቁጡዋ ታይጋ ለሌላ ልጅ የጻፈችውን የፍቅር ደብዳቤ በስህተት የሪዩጂ ቦርሳ ውስጥ ትከታለች። እሱም ዓይኑ አስፈሪ ስለሆነ ብቻ ወሮበላ የሚባል፣ ቤት ውስጥ ግን ምግብ የሚያበስል ልጅ ነው። ሌሊት የእንጨት ሰይፍ ይዛ ቤቱ ገብታ ልትደበድበው ስትነሳ፣ ፖስታው ባዶ መሆኑን ይነግራታል፤ ደብዳቤውን መክተት ረስታለች። ርሃብ ሲጥላት ሩዝ ጠብሶ ያበላታል። ደብዳቤ ጽፎ መላክ ያስጨነቀው ተማሪ ይህንን ለመረዳት የሚያብብ የቼሪ ዛፍም ሆነ በሚያዝያ የሚከፈት ትምህርት ቤት አያስፈልገውም።

ይህ ዘውግ ልጆችን ያበላሻል የሚለውን ስጋት ቀላል አድርጌ አላየውም፤ ሴት ልጅን መሳለቂያ የሚያደርግ አኒሜ አለ፣ ሊነቀፍም ይገባል። ጠቅላላ ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ካጉያ ሳማ» የተማሪዎች ምክር ቤት ፕሬዚዳንቱና ምክትሉ እየተዋደዱ፣ ቀድሞ የተናገረ ይሸነፋል ብለው አንዱ ሌላውን ለማናገር ወጥመድ ሲሸርቡ ይከርማሉ። ከዚህ የበለጠ ቁጥብ ፍቅር ከየት ይመጣል? በትምህርት መካከል የሚበቅል ፍቅርም ባዕድ አይደለም። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህና ሰብለ ወንጌል የተቀራረቡት በአስተማሪና በተማሪነት ነው፤ የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፍቅር ነው። ልዩነቱ የእኛዎቹ ወደ ሐዘን ማዘንበላቸው ነው፤ ጃፓኖቹ ያንኑ ጭንቀት ያስቁበታል።

በዚህ ለውጥ የቀረ ነገር የለም ብሎ መከራከር ግን ሐሰት ይሆናል። አብሮ መጮህና ሲወጡ በር ላይ ፊልሙን እንደገና መተረክ ትልቅ ደስታ ነበር፤ በስልክ የሚያይ ልጅ ያንን አያገኝም። ሆኖም ቪዲዮ ቤትን ስናወድስ አግዳሚው ላይ ማን እንዳልተቀመጠ መርሳት የለብንም። ሴት ልጅ እዚያ መግባቷ ራሱ ወሬ ነበር፤ ቤቱም ከጫትና ከሺሻ ቤት ጋር አብሮ ስሙ ይነሳ ነበር። የታይጋን ቁጣና የካጉያን ኩራት ከውስጥ አይታ «እንዲህ አይደለም» ወይም «ልክ እንዲህ ነው» ብላ ለመፍረድ ከሁሉ ቅርብ የነበረችው ተመልካች ለዓመታት ከበሩ ውጭ ነበረች ማለት ነው። የተማሪ ፍቅር ኮሜዲ ለሰፈሩ ሴት ልጆች መጀመሪያ የደረሰው ስልኩ በእጃቸው ሲገባ ነው፤ የዘውጉ ታሪክ በዓለም ባንክ ሊቆጠር የሚገባውም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል።