ዓመቱ በየትኛው አቆጣጠር ነው?

የጨለንቆ ጦርነት በስንት ዓመት ሆነ ተብለው ሦስት ተማሪዎች ቢጠየቁ፣ አንዱ 1879፣ ሁለተኛው 1887፣ ሦስተኛው 1304 ብለው ቢመልሱ አንዳቸውም አልተሳሳቱም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ አሚር አብዱላሂን ድል ነሥተው ሐረርን የያዙበት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1879፣ በአውሮፓውያን 1887፣ በሂጅራ 1304 ነውና። ሐረር በጾምና በበዓል ሂጅራን፣ በትምህርት ቤትና በመሥሪያ ቤት የኢትዮጵያን፣ ከውጭ አገር ጋር በሚደረግ ንግድ የአውሮፓውያንን አቆጣጠር የምትጠቀም ከተማ ናት። ስለዚህ የሐረር ሰው ዓመት ሲነገረው «በየትኛው?» ብሎ ይጠይቃል። ኮምፒዩተር ግን ጠይቅ ብሎ ያዘዘው ሰው ከሌለ ምንም አይጠይቅም።

በ1890 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ የዋለው የሄርማን ሆለሪት መኪና የሚሠራው በተበሳ ካርድ ነበር። ካርዱ ላይ የተበሳውን ይቆጥራል እንጂ ከሰው ጋር አይነጋገርም። በ1981 እ.ኤ.አ. ዜሮክስ ስታር፣ በ1984 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማኪንቶሽ ለገበያ ሲቀርቡ፣ ኮምፒዩተሩ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የተጠቃሚውን ፈቃድና ምርጫ በመስኮት መጠየቁ እየተለመደ ሄደ።

ዛሬ ተደጋጋሚ ሥራን በራሱ የሚፈጽም ስክሪፕት የሚባል አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ ተማሪም ሊያዘጋጅ ይችላል። የተማሪዎችን ዕድሜ የሚያሰላ ስክሪፕት ለምሳሌ እንውሰድ። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በ2017 ዓ.ም. 17 ዓመቱ ነው። ስክሪፕቱ ግን ሳይጠይቅ የኮምፒዩተሩን 2025 ወስዶ 2000ን ቢቀንስ፣ 25 ዓመቱ ነው ብሎ ይመዘግበዋል። ልጁም ያለ ጥፋቱ ከዕድሜው ጓደኞች ውድድር ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ በመጠይቁ መስኮት ላይ አስቀድሞ የሚሰፍረው ጥያቄ «በየትኛው አቆጣጠር?» የሚለው ይሁን። የኢትዮጵያ ሲመረጥ 13ኛው ወር ጳጉሜን ከነ5 ወይም 6 ቀኑ ይታይ፤ አለዚያ በጳጉሜን የተወለደ ልደቱን የሚጽፍበት ቦታ ያጣል። የስም፣ የአባትና የአያት ስም ቦታ ለየብቻ ይሰጥ፤ የቤተሰብ ስም ብሎ መጠየቅ ለብዙው ኢትዮጵያዊ መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። የተሳሳተ ቁጥር ሲገባ ስሕተቱ የቱ ላይ እንደሆነ በግልጽ ይነገር። ትምህርት ቤቱ ዘወትር የሚጠቀምበት ምርጫ ተመዝግቦ ይቆይ፤ ሆኖም የሚሻ ሰው ሊለውጠው ይቻለው። ሐሳቡን ለለወጠም «ይቅር» የሚል ቁልፍ አይጉደልበት።

ወጣቶች ሆይ! መኪና ፈጣን ነው፤ ያልጠየቀውን ግን አያውቅም። የሦስት አቆጣጠር ከተማ ልጆች እንደ መሆናችን፣ ለመኪና ትእዛዝ ስንጽፍ ከሁሉ በፊት መጠየቅን እናስተምረው።