ስለ ጦቢያ የወንድ ልብስ

ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮም ከተማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ መኾኑ የታወቀ ነው። በዚህ መጽሐፍ ጦቢያ የምትባል የጦር አለቃ ልጅ፥ የጠፋውን ወንድሟን ከአባቷ ጋራ ስትፈልግ፥ የወንድ ልብስ ለብሳ ትኼዳለች፤ አንዲት ሴትም ወንድ መስላት ትወዳታለች።

ይህን ያነበበ ክርስቲያን፥ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5 ሴት የወንድ ልብስ እንዳትለብስ መከልከሏን አስቦ ልቡ ቢታወክ አይነቀፍም። ነገር ግን ይኸው ሰው በቤተ ክርስቲያን ስንክሳር ሲነበብ ይሰማል። ጥር 21 ቀን የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ቅድስት ኢላርያ፥ ነሐሴ 15 ቀን ደግሞ ቅድስት እንባ መሪና ይታሰባሉ፤ ኹለቱም በወንድ ልብስ መንነው የኖሩ ናቸው። እንባ መሪናን ከአንዲት ልጃገረድ ወለድክ ብለው በሐሰት ከሰሷት፤ እርሷም ዝም ብላ ከገዳም ተባረረች፥ የሌላውንም ልጅ አሳደገች። መነኮሳቱ ሴት መኾኗን ያወቁት ሬሳዋን ሲያጥቡ ነው፤ ያን ጊዜም አለቀሱ።

ጦቢያን ከቅዱሳን ጋራ መቍጠሬ አይደለም። ቅድስቲቱ ስለ ምናኔ፥ ጦቢያ ስለ መንገድ ጭንቅ ለበሱ፤ ያችኛዪቱ ምስጢሯን እስከ ሞት ጠበቀች፥ ይህችኛዪቱ ግን በመጨረሻ ተገልጣ፥ ክርስትናን የተቀበለውን ንጉሥ አገባች።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በሰውም በመጽሐፍም ላይ ከመፍረዳችን በፊት፥ ልብሱ ስለ ምን እንደ ተለበሰ እንጠይቅ። በሬሳ ፊት የሚፈስ እንባ ዘግይቷልና።