ከፎገራ ሩዝ እስከ አርሲ ገብስ፦ ገበሬውን ከገዢ ያገናኘው ማነው?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዝን ሁሉ ወረታን እናውቃታለን። አውቶቡሱ ቆም ሲል ግን ብዙዎቻችን የምናየው የደብረ ታቦርን መገንጠያ ነው፤ የሩዝ መፈልፈያዎቹን ልብ አንላቸውም። ዛሬ እስኪ ስለ እነሱ እናውራ።

ፎገራ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚተኙበት ሜዳ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጂግናና በሻጋ የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሩዝ አስተዋወቁ። «ኤክስ ጂግና» የተባለው ዝርያ ስሙን ያገኘው ከዚያው መንደር ነው። ባለሙያዎቹ ሄዱ፣ ማኅበራቱ ፈረሱ፣ ደርግም ወደቀ። ሩዙ ግን ቀረ።

ለምን ቀረ? አንደኛ፣ ውሃ የተኛበትን ማሳ ወደደው። ሁለተኛ፣ ገዢ አገኘ። ገዢው ታዲያ ትልቅ ኩባንያ አልነበረም። የወረታ ነጋዴ መፈልፈያ ተከለ፣ ገበሬው በአህያና በጋሪ አምጥቶ አስፈለፈለ፣ እናቶቻችን ከጤፍ ጋር ቀላቅለው እንጀራ ጋገሩት።

በአርሲና በባሌ ደግሞ ነገሩ ከፋብሪካው ጀመረ። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. የበደሌንና የሐረርን ቢራ ፋብሪካዎች ከመንግሥት ገዛ፤ ዲያጆ በ2004 ዓ.ም. ሜታ አቦን። ቢራ ብቅል ይፈልጋል፣ ብቅል ከውጭ ማስገባት ደግሞ ዶላር ይበላል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ምርጥ ዘርና ምክር ይዘው ወደ ገበሬው ወረዱ፤ ገበሬውም ገና ሳይዘራ ገዢውን አወቀ።

መልካም ነው። ግን ዲያጆ በ2014 ዓ.ም. ሜታን ለቢጂአይ ሸጦ ወጣ። ለንደን የተወሰነ ውሳኔ ነው፤ ገብሱን የዘራውን ማንም አላማከረውም።

የፎገራ ገበሬ እንዲህ ያለ ስጋት የለበትም፤ እንዲህ ያለ ውልም የለውም። ጥራት ላለው ሩዝ የተሻለ ዋጋ እከፍላለሁ ብሎ አስቀድሞ የሚፈርምለት ብዙ አያገኝም። ሱፐርማርኬት ገብተን የምናነሳው በሚያምር ከረጢት የታሸገውን የውጭ ሩዝ ነው።

ወረታ ዛሬ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አላት። ነገ ትልቅ ገዢ ሊመጣ ይችላል፤ ይምጣ። እኛ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የራሱን ዘመናዊ ፋብሪካ ተክሎ መፈልፈያዎቹን ያዘጋቸዋል? ወይስ ማበጠሪያና ብድር ሰጥቶ አቅራቢዎቹ ያደርጋቸዋል? ሩዙ ባለቤት ባጣበት ዘመን ያቆዩት እነሱ ናቸውና፣ ውሉ ሲፈረም ወንበር ይገባቸዋል።