ማግኔት የሚታመነው እስከ ምን ድረስ ነው?

በአሌክሳንድሪያ ከተማ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር፣ ዛሬ ሠዓሊያንና ቀራፂያን የሚሠሩበት ሰፊ ሕንፃ ቀድሞ የቶርፒዶ ፋብሪካ ነበር። ግንባታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 12 ቀን 1918፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት በተኩስ አቁም በቆመ ማግስት ነው። ከዚያ በስተሰሜን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋይት ኦክ በተባለው ስፍራ ደግሞ የባሕር ኃይሉ የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪ ለአምስት አሥርት ዓመታት ያህል ሠርቷል። የሁለቱ ስፍራዎች ታሪክ በአንድ ጥያቄ ይገናኛል፦ ብረትና ማግኔት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማን፣ የትና መቼ አረጋገጠ? ጥያቄው በቤቱ ጋራዥ ብረት ለሚሠራውም፣ ወደ አገር ቤት ማሽን ለሚልከውም ዛሬ ድረስ ሕያው ነው።

በብረት ሥራ ቤት የተለመደው መያዣ ሞርሳ ነው። ሞርሳ ግን በመንጋጋው ስለሚጨብጥ ስስ ብረትን ያጎብጣል፤ የሚሠራውንም ገጽ በከፊል ይሸፍናል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በማሳቹሴትስ፣ በዎርስተር ከተማ ኦክሊ ዎከር ያበጀው ማግኔታዊ መያዣ ይህን ችግር አቃለለ። ብረቱ ከሥሩ ብቻ ስለሚያዝ የላይኛው ገጹ በሙሉ ለሚሞርደው ድንጋይ ነጻ ሆነ። የመያዣው ኃይል ግን ከማግኔቱ ብቻ አይመነጭም። የማግኔቱ መስመሮች ከአንዱ ዋልታ ተነሥተው፣ በሚሠራው ብረት ውስጥ አልፈው፣ ወደ ሌላው ዋልታ መመለስ አለባቸው። በመካከል ቀለም፣ ዝገት ወይም የብረት ብናኝ ከገባ ኃይሉ በእጅጉ ይዳከማል። ሽቅብ ሲስቡት ፍንክች የማይል ብረትም ወደ ጎን ሲገፋ በሰበቃ ብቻ ስለሚቆም ሊንሸራተት ይችላል። አሉሚኒየምና ነሐስ ደግሞ ከነጭራሹ አይያዙም። ስለዚህ «ጠንካራ ማግኔት ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይደለም።

ይህን እውነት መዘንጋት ምን ያህል እንደሚያስከፍል የአሌክሳንድሪያው ፋብሪካ ካመረታቸው ቶርፒዶዎች አንዱ፣ ማርክ 14፣ ያስረዳል። ፈንጂውን የሚያስነሣው ማርክ 6 የተባለው መሣሪያ ንድፉ የተሠራው በሮድ አይላንድ፣ በኒውፖርት ነው። የመርከብ ብረት የምድርን ማግኔታዊ መስክ ሲያዛባ ለውጡን አውቆ ከመርከቧ ሥር እንዲፈነዳ ታስቦ ነበር። ነገር ግን በጀቱ ጠባብ፣ ምሥጢሩም ጥብቅ ስለነበር በእውነተኛ ፈንጂ የተደረጉት ሙከራዎች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የምድር መስክ ደግሞ በኒውፖርትና በምድር ወገብ አካባቢ አንድ ዓይነት አይደለም። ጦርነቱ በመጣ ጊዜ በፓሲፊክ የተተኮሱት ቶርፒዶዎች አንዳንዶቹ ያለ ጊዜያቸው ፈነዱ፤ ሌሎቹ ሳይፈነዱ አለፉ። ከታለመላቸው ጥልቀት በታች መጓዛቸውም ሌላውን ጉድለት ሸፈነው። ሰርጓጅ መርከበኞች ሲያማርሩ ጥፋቱ ለረጅም ጊዜ የተኳሾቹ ተደርጎ ተቆጠረ። አድሚራል ኒሚትዝ ማግኔታዊው ማስነሻ እንዲቋረጥ ያዘዙት በጁን 1943፣ አሜሪካ ጦርነቱን ከገባች ከዓመት ተኩል በኋላ ነበር።

የላቦራቶሪው ታሪክ ሌላውን ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1939 የጀርመን ማግኔታዊ ፈንጂዎች መርከቦችን ማስጠም ሲጀምሩ መፍትሔው የመርከቡን የራሱን ማግኔትነት ማክሰም ሆነ። ላቦራቶሪው ገና በዋሽንግተን የባሕር ኃይል ግቢ ሳለ፣ በኋላ ሁለት ጊዜ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ጆን ባርዲን በዚህ ዘርፍ አገልግሏል። ከጦርነቱ በኋላ ተቋሙ ወደ ዋይት ኦክ ተዛወረ፤ በ1990ዎቹ ተዘግቶ ግቢው ዛሬ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር መቀመጫ ነው። በመርከቦች ላይ የተሠራበት መርሕ በትንሽ ሥራ ቤትም ይሠራል። የጠነከረ ብረት ማግኔት ከነካው በኋላ ትዝታውን ይዞ ይቀራል፤ ብናኝ ይሰበስባል፤ መለኪያንም ያሳስታል። ትዝታው የሚጠፋው አቅጣጫው በሚለዋወጥና ቀስ በቀስ በሚዳከም መስክ ውስጥ ሲያልፍ ነው።

እንግዲህ በጋራዡ የሚሠራ ሰው ጥንቃቄ ከዚህ ታሪክ ይቀዳል። መያዣውን ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ይጠርጋል፤ በገጹ ላይ የተነሣውን እሾህ በዘይት ድንጋይ ያነሣል፤ ሥራው ሲያልቅ በስሱ ዘይት ይቀባዋል፤ የዋሽንግተን አካባቢ በጋ እርጥበታም ነውና። ከሚሠራው ብረት ጎን መግቻ ያኖራል፤ ማሽኑን ከማስነሣቱ በፊት ብረቱን በእጁ ገፍቶ ይፈትናል። ተራውን የኒዮዲሚየም ማግኔት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሙቀት ያዳክመዋልና ከሙቀት ይጠብቀዋል።

ያው መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሙያ ማሠልጠኛ ሲላክ ጉዳዩ ይሰፋል። የሜሪላንድ ቤት ኤሌክትሪክ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የኢትዮጵያው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ከዚህም የሚብሰው የመብራት መቋረጥ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚይዝ መያዣ መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ድንጋዩ ግን በጉልበቱ መዞሩን ይቀጥላል፤ የተለቀቀው ብረትም ወደ ሠልጣኙ ሊወረወር ይችላል። ቋሚ ማግኔት ያለው መያዣ መብራት ቢጠፋም አይለቅም። በዋጋ ዝርዝር ላይ እኩል የሚመስሉ ሁለት ዕቃዎች በዚህ አንድ ነጥብ ይለያያሉ።

የኒውፖርት ባለሙያዎች ዕውቀት አላነሳቸውም፤ የጎደለው መሣሪያቸውን በሚሠራበት ስፍራ መፈተንና የሚጠቀምበትን ሰው ቃል ማድመጥ ነበር። ለማሽን መግዣ ገንዘብ የሚያሰባስብ ማኅበር ከማሽኑ ዋጋ ጎን ለጎን የዘይት ድንጋዩን፣ ማግኔት ማክሰሚያውን፣ በአማርኛ የተጻፈውን መመሪያና በቦታው የሚፈትነውን ባለሙያ የቀን አበል መመደብ ይኖርበታል። እነዚህ በበጀት ሠንጠረዥ የመጨረሻዎቹ ረድፎች ናቸው፤ ገንዘብ ሲያንስም መጀመሪያ የሚሰረዙት እነርሱ ናቸው።